በገመድ ስለ ተሰፋችው መርከብ፤ ከአዱሊስ እስከ ሙስካት

እንጨትን መብሳት በብዙ ሰው ዐይን አነስተኛ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ከእንጨት የተጠረበ የመብራት መቅረዝ ለመሥራት አስቦ፥ ከራሱ እስከ እግሩ ድረስ ረጅምና ቀጥ ያለ ቀዳዳ ለማውጣት የሞከረ ሰው ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አለመሆኑን ያውቃል። የመሰርሰሪያው ጫፍ ሲጀምር ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ጥቂት ከወረደ በኋላ ግን የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ወደ ለስላሳው ወገን ያዘነብላል፤ ጉጥ ባገኘ ጊዜ ይሸሻል፤ በመጨረሻም በታሰበው መካከል ሳይሆን በጎን በኩል ብቅ ይላል። መቅረዙ ቢበላሽ የሚጠፋው አንድ እንጨት ነው። በባሕር ላይ ግን ብዙ ዘመን የብዙ ሰዎች ሕይወት በእንዲህ ያለው ቀዳዳ ላይ የተመሠረተ ነበር። ከአዱሊስ ወደብ እስከ ዖማን ጠረፍ፥ ከዚያም እስከ ሕንድ ድረስ ይመላለሱ የነበሩት መርከቦች ሳንቃቸው በብረት ምስማር የተመታ ሳይሆን፥ በቀዳዳ እየተበሳ በገመድ የተሰፋ ነበርና። ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ ነገሥታት ታሪክ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዖማን መንግሥት ዋና ከተማ በሆነችው በሙስካት አውራጃ፥ አል ቡስታን በሚባለው ሰፈር አደባባይ ላይ አንዲት ትልቅ የእንጨት መርከብ ቆማ ትታያለች። ስሟ ሱሐር ነው። ይህች መርከብ በ1980 ዓ.ም. በሱር ከተማ የተሠራች ናት። ያሠራትም ቲም ሰቨሪን የተባለ የታሪክ ተመራማሪና መንገደኛ ነው። ሳንቃዋ ከሕንድ አገር ከማላባር ጠረፍ የመጣ ሲሆን፥ ስፌቱን የሚያውቁ ሠራተኞችም ከሕንድ ደሴቶች መጥተው የሳንቃውን ዳርና ዳር እየበሱ በኮኮናት ቃጫ ገመድ ሰፏት። ሳንቃዎቿን የሚያያይዝ አንድ ስንኳ የብረት ምስማር አልተመታባትም። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከሙስካት ተነሥታ፥ ከሰባት ወር በላይ ተጉዛ፥ በ1981 ዓ.ም. ካንቶን ከተባለው የቻይና ወደብ ደረሰች። በዚህም የቀድሞ ሰዎች ስለ ተሰፉ መርከቦች የጻፉት ነገር ተረት አለመሆኑ በሥራ ተገለጠ።

የቀድሞ ሰዎች ምስክርነት ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚገኝ ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት በጽርእ ቋንቋ የተጻፈው፥ የኤርትራ ባሕር ጉዞ ተብሎ የሚታወቀው የነጋዴዎች መጽሐፍ፥ የአዱሊስን ወደብና ዞስካሌስ የተባለውን ንጉሥ ይጠቅሳል። ይኸው መጽሐፍ ኦማና ስለምትባል የንግድ ስፍራ ሲናገር፥ ከዚያ በአገሩ ሥርዓት የተሰፉ ጀልባዎች ወደ ዐረብ አገር እንደሚላኩ፥ ስማቸውም ማደራታ እንደሚባል ይገልጣል። እንግዲህ ክርስትና ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ከመግባቱ አስቀድሞ የተሰፋ ጀልባ በዚያ ባሕር የሚሸጥና የሚለወጥ ዕቃ ነበረ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምስክርነት ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች የቀረበ ነው። ይኸውም የዐፄ ካሌብ ዘመቻ ታሪክ ነው። የሂምያር ንጉሥ ዙ ኑዋስ በናግራን ክርስቲያኖች ላይ ጭፍጨፋ ባደረገ ጊዜ፥ የናግራን አለቃ ሂሩትና ብዙ ምእመናን በሰማዕትነት ዐረፉ። መታሰቢያቸው በስንክሳር በኅዳር 26 ቀን ይነበባል። ዐፄ ካሌብም ደማቸውን ለመበቀልና የቀሩትን ለማዳን በ525 ዓ.ም. ባሕሩን ተሻገረ። በዚያ ዝግጅት ጊዜ ቆዝሞስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ ተገኝቶ ነበር፤ ንጉሡም በወደቡ አጠገብ የነበረው የጽርእ ጽሕፈት ተገልብጦ እንዲላክለት ባዘዘ ጊዜ ከገለበጡት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር።

የሂሩትን ገድል በጽርእ የጻፈው ሰው የመርከቦቹን ቍጥር ሳይቀር ይናገራል። ከአይላ 15፥ ከቍልዝም 20፥ ከዮታቤ 7፥ ከበረኒቄ 2፥ ከፈረሳን ደሴቶች 7፥ ከሕንድ 9 መርከቦች ተሰብስበው በጠቅላላው 60 ሆኑ። እነዚህም የአዱሊስ ወደብ በሆነችው በገበዛ ተከማቹ። ንጉሡም በክረምቱ ወራት 10 የሕንድ መርከቦችን በራሱ አሠራ። በዚህ ቃል ላይ ማስተዋል ይገባል። የተሠሩት በገበዛ ሳለ የሕንድ መርከቦች መባላቸው የአሠራራቸውን ሥርዓት የሚያመለክት ነው። በዚያ ዘመን የሕንድ መርከብ ማለት ምን እንደ ሆነ ደግሞ በዚያው መቶ ዓመት የነበረው የታሪክ ጸሓፊ ፕሮኮፕዮስ ይነግረናል። እርሱ እንደሚለው፥ በሕንድና በዚያ ባሕር የሚገኙ ጀልባዎች ሁሉ ዝፍት አይቀቡም፤ ሳንቃዎቻቸውም በብረት ምስማር አይያያዙም፤ ነገር ግን በገመድ የታሰሩ ናቸው። እንግዲህ ዐፄ ካሌብ ያሠራቸው ዐሥሩ መርከቦች በገመድ የተሰፉ እንደ ነበሩ ከሁለቱ ጸሓፊዎች ቃል ይታያል።

ፕሮኮፕዮስ ግን ነገሩን በመግለጥ ብቻ አላቆመም፤ ምክንያቱንም ጨመረ። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ሰዎች፥ በዚያ ባሕር ብረትን የሚስብ ዓለት ስላለ መርከቡ ምስማር ቢኖረው ይጐተታል ይሉ ነበር። ፕሮኮፕዮስ ይህን አልተቀበለም። ከአይላ የሚነሡት የሮማውያን መርከቦች ብዙ ብረት ያለባቸው ሲሆኑ በዚያው ባሕር ሲመላለሱ አንዳች አላገኛቸውም በማለት ወሬውን አፈረሰ። በዚህ ትክክለኛ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የራሱን ምክንያት ሲሰጥ፥ ሕንዶችና ኢትዮጵያውያን ብረት የላቸውም፤ ከሮማውያንም እንዳይገዙ ሕግ ከልክሏል፤ ብረት ሲሸጥላቸው የተገኘ ሰው ቅጣቱ ሞት ነው አለ። ይህ ቃል ከእርሱ በኋላ በተነሡ ሰዎች አፍ ሲደጋገም ኖሯል። እውነት ከሆነ የአክሱም መንግሥት በድኽነት ምክንያት ብቻ መርከብን በገመድ ያስር ነበር ማለት ይሆናል።

ዳሩ ግን ነገሩ ሲመረመር የፕሮኮፕዮስ ምክንያት አይጸናም። ከእርሱ አምስት መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ የተጻፈው የነጋዴዎች መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ይገቡ የነበሩትን ዕቃዎች ሲቈጥር፥ መጥረቢያና መጥረብያ ፋስ፥ ሰይፍም፥ ለጦር የሚሆን ብረትም፥ ከሕንድ አገር የሚመጣ ብረትም እንደ ነበረበት ይመሰክራል። በአክሱም በተደረገው ቍፋሮም የብረት መሣሪያዎች ከመቃብር ውስጥ ተገኝተዋል። ከሮማውያን የሚከለከል ብረት ከሕንድ በኩል ሊመጣ ይችል ነበር። ከዚህም ሁሉ በላይ የተሰፋችው መርከብ ራሷ ምስክር ናት። በጽኑ ሳንቃ ላይ በሺህ የሚቈጠር ቀዳዳ የሚያወጣ ሠራተኛ ጠንካራ የመሰርሰሪያ ጫፍ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የስፌት መርከብ የሚሠራ ሕዝብ ብረትን የማያውቅ ሕዝብ አይደለም። ልዩነቱ ሌላ ነው፤ አንድ የመሰርሰሪያ ጫፍ በየጊዜው እየተሳለ ለብዙ ሺህ ቀዳዳ ይበቃል፤ ምስማር ግን አንድ ጊዜ ከተመታ በመርከቧ ውስጥ ይቀራል። ብረት ውድ በሆነበት አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። እንግዲህ የብረት ውድነት ከምክንያቶቹ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ የብረት መታጣት ግን ምክንያት አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት ከባሕሩ ጠባይ የሚመጣ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረው መንገደኛ ኢብን ባጡጣ፥ በምስማር የተመታ መርከብ ዓለት በነካው ጊዜ እንደሚሰበር፥ በገመድ የተሰፋው ግን እየተለመጠ ስለሚሰጥ እንደማይሰበር ጽፏል። ቀይ ባሕር ከውኃ በታች ዓለት የበዛበት ነው፤ በዖማንና በሕንድ ጠረፍም ጀልባ በማዕበል ላይ ወደ አሸዋ ይጐተታል። በዚህ ጊዜ የሚለመጥ አካል ከማይለመጥ አካል ይሻላል።

ሦስተኛው ምክንያት ከእንጨቱና ከገመዱ መገኛ የሚመጣ ነው። በ10ኛው መቶ ዓመት የጻፈው አቡ ዘይድ ዘሲራፍ የዖማን ሰዎች ኮኮናት ወደሚበቅልባቸው ደሴቶች መሣሪያቸውን ይዘው እንደሚሄዱ ይተርካል። በዚያም ዛፉን ቈርጠው ያደርቁታል፤ ሳንቃ ይጠርባሉ፤ ከፍሬው ልጣጭ ገመድ ይፈትላሉ፤ በገመዱም መርከቡን ይሰፋሉ፤ ከግንዱም ተራዳ፥ ከቅጠሉም ሸራ ይሠራሉ፤ በመጨረሻ ፍሬውን ራሱን ጭነው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ከአንድ ዛፍ መርከብም ጭነትም ይገኝ ነበር። በምድረ በዳ ጠረፍ ለሚኖር፥ ትልቅ ዛፍ በአገሩ ለማይበቅልለት ሕዝብ ይህ ትልቅ ጥበብ ነው።

ስፌቱ ግን ጉድለት የሌለበት አልነበረም። በ1183 ዓ.ም. በዐይዛብ ወደብ በኩል ያለፈው ኢብን ጁበይር፥ ተሳላሚዎችን ወደ ጅዳ የሚያሻግሩት ጀልባዎች በኮኮናት ገመድ የተሰፉ እንደ ነበሩ፥ ባለቤቶቻቸውም ትርፍ ፈልገው ሰውን በላይ በላዩ ይጭኑ እንደ ነበር በሐዘን ጽፏል። በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ ሕንድ የተጓዘው የፍራንቸስካን መነኵሴ ዮሐንስ ዘሞንቴኮርቪኖም፥ መርከቦቹ እንደ ልብስ በክር የተሰፉ መሆናቸውን አይቶ፥ ክሩ ከተበጠሰ ጥፋት መሆኑን፥ ስለዚህም በየዓመቱ መታደስ እንዳለባቸው ተናግሯል። በገመድ የሚተማመን ሰው ገመዱን መጠበቅ አለበት። ወደ ቅዱሳት መካናት የሚሄድ መንገደኛ በዚያ ዘመን ባሕርን ሲሻገር የሚተማመነው በሠራተኛው ጥንቃቄ ነበር።

የጥንቃቄውም መጀመሪያ ቀዳዳው ነው። በዚያው ዘመን በሆርሙዝ የነበረው ማርኮ ፖሎ፥ የአገሩ እንጨት ደረቅና ጽኑ ስለ ሆነ ምስማር ሲመቱበት እንደ ሸክላ ዕቃ ይሰነጠቃል ብሏል። መሰርሰሪያ ግን እንጨቱን ገፍቶ አይገባም፤ ጥቂት በጥቂት እየፋቀ ያወጣዋል እንጂ። ስለዚህ አይሰነጥቀውም። የባሕረ ሰላጤው ሠራተኞች የቀድሞ መሣሪያ በቀስት የሚዞር መሰርሰሪያ ነው። ጫፉ ብረት የሆነ የእንጨት ዘንግ ይቆማል፤ የቀስቱ ገመድ በዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፤ ሠራተኛው በአንድ እጁ ዘንጉን ከላይ ተጭኖ፥ በሁለተኛው እጁ ቀስቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲስብ ጫፉ ይዞራል።

ቀዳዳው ቀጥ ይል ዘንድ የሚደረገው ጥንቃቄ ብዙ ነው። ዐይን አንዱን መዘንበል ቢያይ ሁለተኛውን አያይምና፥ ዘንጉ ከፊትና ከጎን ከሁለት ወገን ይታያል። መሰርሰሪያው በየጊዜው እየወጣ ፍቅፋቂው ይጠረጋል፤ ካልተጠረገ ጫፉ ታንቆ ይስታል። የሚጫን እጅ ከበዛ ጫፉ ወደ ለስላሳው ይሸሻል፤ የተሳለ ጫፍና የቀለለ እጅ ግን መንገዱን ይጠብቃል። ቀዳዳው ረጅም የሆነ እንደ ሆነ ከሁለቱ ጫፍ እየተጀመረ በመካከል እንዲገናኝ ይደረጋል፤ በዚህም ስሕተቱ በግማሽ ይቀንሳል። የመቅረዝ ሠሪና የመርከብ ሠሪ ሕግ በዚህ አንድ ነው።

በመርከቡ ላይ ደግሞ ሌላ ሕግ ይጨመራል። ቀዳዳው ለሳንቃው ዳር እጅግ የቀረበ እንደ ሆነ ገመዱ ሲጠብቅ ዳሩ ይገመሳል፤ እጅግ የራቀ እንደ ሆነ ስፌቱ ሁለቱን ሳንቃዎች አጥብቆ አይገጥማቸውም። በአንዱ ሳንቃ ላይ ያለው ቀዳዳ በጎረቤቱ ሳንቃ ላይ ካለው ጋራ ትክክል ካልሆነ፥ ገመዱ ሳንቃውን ወደ ጎን ይጐትተዋል፤ ክፍተትም ይሆናል። ሳንቃዎቹ ከተገጠሙ በኋላ በመጋጠሚያው ላይ የቃጫ ጥቅል ይጋደምና ገመዱ በላዩ ተመላልሶ ይጠብቃል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ቀዳዳ በቃጫና በማጣበቂያ ይደፈናል። በመጨረሻ የመርከቧ ውጫዊ አካል በኖራና በሞራ ይቀባል። ይህ ቅብ በሞቃት ባሕር እንጨትን ከሚበሳው ትል ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ ቤሊቱንግ በምትባል ደሴት አጠገብ አንዲት የሰጠመች መርከብ ተገኘች። በውስጧ 60,000 ያህል የቻይና ሸክላ ዕቃዎች ነበሩ፤ ከነዚህም በአንዱ ሳሕን ላይ በ826 ዓ.ም. የሚውል ዘመን ተጽፎበት ተገኘ። መርከቧ ግን የቻይና አልነበረችም። ሳንቃዎቿ በገመድ የተሰፉ፥ ከነሱም የተመረመሩት በአፍሪካ ከሚበቅለው አፍዜልያ ከተባለው ጽኑ እንጨት የሆኑ ነበሩ። በዚህም የምዕራቡ የሕንድ ውቅያኖስ መርከብ ሠሪዎች ሥራ መሆኗ ታወቀ።

ከዚህ በኋላ የዖማን መንግሥት የዚህችን መርከብ አምሳያ ለማሠራት ወሰነ። ሥራው በ2008 ዓ.ም. ከሙስካት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ባለችው፥ በዓለታማ ተራሮች መካከል ባለች ቃንታብ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ተጀመረ። አፍዜልያው እንጨት ከጋና መጣ። የመርከቧ ርዝመት 18 ሜትር ያህል ነበር። ሳንቃዎቿን ለመስፋት ከ37,000 የሚበልጥ ቀዳዳ በእጅ ተበሳ። የሙስካት ዕንቍ ተብላ ተሰየመች። በ2010 ዓ.ም. የካቲት 16 ቀን ከሙስካት ተነሣች፤ በሕንድ ኮቺን፥ በስሪላንካ ጋል፥ በማሌዥያ ፔናንግ ወደቦች አርፋ፥ በሐምሌ 3 ቀን ሲንጋፖር ገባች፤ ለዚያም አገር ሕዝብ በስጦታ ተሰጠች። ሠላሳ ሰባት ሺህ ቀዳዳ የተበሳበት አካል ውቅያኖሱን ተሻገረ። ከነዚያ ቀዳዳዎች ብዙዎቹ ቢዛነፉ ኖሮ መርከቧ ከቃንታብ ጠረፍ ባልራቀች ነበር።

የኢትዮጵያ ካህናትና ደብተሮች ይህን ሲሰሙ እንግዳ ነገር ሊመስላቸው አይገባም። በገዳማት ያሉት የብራና መጻሕፍት በዚሁ ጥበብ የታነጹ ናቸውና። ጠራዡ ብራናውን በጥራዝ በጥራዝ አድርጎ፥ በወስፌ እየበሳ፥ በጅማት ወይም በክር ይሰፋዋል። ከዚያም ሁለቱን የእንጨት ገበታዎች ሲያያይዝ፥ በገበታው ዳር በኩል ገብቶ በገጹ ላይ የሚወጣ ዘወርዋራ ቀዳዳ ይበሳል፤ የስፌቱም ክር በዚያ አልፎ ይታሰራል። ገበታው ቀጭን ስለ ሆነ መሰርሰሪያው ጥቂት ቢስት እንጨቱን ሰንጥቆ ያበላሻል። በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታውያን ወንጌላት የብራናቸው ዕድሜ በሳይንስ ምርመራ ከ330 እስከ 650 ዓ.ም. ባለው ዘመን መካከል ሆኖ ተገኝቷል። ይህም የዐፄ ካሌብን ዘመን የሚያጠቃልል ነው። የአክሱም ሰዎች ባሕርን የሚሻገሩበትን ዕቃ እንደ ሰፉ፥ ቃለ እግዚአብሔር የሚቀመጥበትንም ዕቃ ሰፉ።

ከዚህ የሚበልጥ ተመሳሳይነትም አለ። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የቈዩ መጻሕፍትን የሚገልጥ ሰው፥ በጊዜ ብዛት ለሁለት የተሰነጠቀ ገበታ እንደ ገና ተያይዞ ያያል። ጠጋኙ በስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ትይዩ ቀዳዳዎች በስቶ፥ በጅማት ወይም በክር ሰፍቶታል። ይህ የመርከብ ሠሪው ስፌት ራሱ ነው። ሙጫ ሲደርቅ ይለቃል፤ ምስማር ቀጭኑን ገበታ ይሰነጥቃል፤ ስፌት ግን ይዞ ይኖራል፤ ክሩም ባረጀ ጊዜ እንጨቱ ሳይጐዳ በአዲስ ክር ይተካል።

የስፌት መርከብ ዘመን ቀስ በቀስ አለፈ። ፖርቱጋሎች በ1507 ዓ.ም. ሙስካትን ያዙ፤ እስከ 1650 ዓ.ም. ድረስም ተቀመጡባት። ከዚያ ዘመን ወዲህ በምስማር የተመቱ መርከቦች በዚያ ባሕር እየበዙ ሄዱ፤ ብረትም እየረከሰ ሲመጣ መርከብ ሠሪዎቹ ስፌትን ተዉ። በዖማን ደቡብ በዱፋር ጠረፍ ግን ትንንሽ የተሰፉ ጀልባዎች እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ቈይተዋል። በሱርና በቃንታብ መርከብ እንደ ገና በተሰፋ ጊዜ ሥራው የተሳካው፥ በሕንድና በዖማን ጠረፍ እጃቸው ስፌቱን ያልረሳ ጥቂት ሰዎች ስለ ቀሩ ነው። ከመጻሕፍቱ ቃል ብቻ ተነሥቶ መርከብ መስፋት ባልተቻለም ነበር።

ፕሮኮፕዮስ የተሰፋችውን መርከብ ከሩቅ ሆኖ አይቶ የድኽነት ምልክት አደረጋት። ሠራተኞቹ ግን የባሕራቸውን ጠባይ፥ የእንጨታቸውን ጽናትና የብረታቸውን ዋጋ መዝነው የመረጧት ናት። ዐፄ ካሌብ ለናግራን ሰማዕታት በተነሣ ጊዜ ካዘጋጃቸው መርከቦች ከፊሉ እንዲህ ያለ ዕቃ ነበር፤ ባሕሩንም ተሻግሮ ተመለሰ። በገዳሙ ዕቃ ቤት የተሰነጠቀውን ገበታ በዝምታ የሚጠግን ጠራዥም ያንኑ ጥበብ በእጁ ይዟል። እርሱ ለተማሪው ሳያስተላልፍ ያለፈ እንደ ሆነ፥ መጽሐፉ ሳይቃጠልና ሳይሰረቅ፥ በክሩ ማርጀት ብቻ ይበተናል።